ማንም ያላነበባቸው የተረት መጻሕፍት

ይህ ነገር መጻፍ የሚገባው ስለመሆኑ እጠራጠራለሁ። የሞተበት ሰው የለም፤ የታሰረበትም የለም። በዚያ ዘመን ሰው ምን ምን እንዳጣ ለሚያውቅ አንባቢ፣ ስለ አሥራ አንድ የሕፃናት የሥዕል መጻሕፍት ይህን ያህል ወረቀት መጨረስ ድፍረት ሊመስለው ይችላል። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ሁለቴም ቀድጄ ጥያለሁ። ሦስተኛውን የማልቀድደው ስለተናደድኩ ነው፤ ንዴቴም ከቅዳሜ ጀምሮ አልበረደም።

ቅዳሜ ዕለት እዚሁ ሆሳዕና በምማርበት ኮሌጅ፣ የሕፃናት ትምህርት የመጀመሪያ ዓመት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነበር። የተመዘገብኩት ከመዝገብ ቤት ሥራዬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ስለሆነ የክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ የልጆቼ እኩዮች ናቸው፤ መምህራችንም እንደዚሁ። እኔ ግን ፊት ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፣ ደብተሬን በማስመሪያ አሰምራለሁ፣ የተባለውን ሁሉ እጽፋለሁ። መምህራችን ከቦርሳቸው አንድ የሚያብረቀርቅ የተረት መጽሐፍ አውጥተው ሲገልጡት፣ የወረቀቱና የማጣበቂያው ሽታ እኔ ጋ ደረሰ። አርባ ዓመት ሙሉ ያልሸተተኝ ሽታ ነው። «ሕፃናትን በሥዕል ተረት ማስተማር ለአካባቢያችን አዲስ ዘዴ ነው» አሉ መምህራችን። «ከዚህ በፊት አልነበረም።» ሌሎቹ ጻፉ። እኔ እጄን አወጣሁ። «መምህር፣ ነበረ።» «ምኑ፣ እናታችን?» «ይሄው። እዚሁ ከተማ፣ በደርግ ጊዜ።» ከኋላ አንድ ልጅ «እናታችን ያኔ ሥዕሉን ዋሻ ላይ ነበር እንዴ የሚስሉት?» ሲል ክፍሉ በሳቅ ተንጫጫ። መምህራችንም ፈገግ ብለው «ጥሩ ነው፤ እንግዲህ በጽሑፍ ያቅርቡልንና እንማርበት» አሉ። ታዛዥ ተማሪ ነኝ። ይኸው እያቀረብኩ ነው።

ያኔ ሆሳዕና ትንሽ ነበረች። ክረምት ሲመጣ ጭቃው ኮንጎ ጫማ እየነጠቀ ያስቀራል፤ በጋ ሲሆን አቧራው ከቡታጅራ የሚመጣውን አውቶቡስ ቀድሞት ይገባል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ቤት ቁጭ ያልኩ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሁለት ቀሚስ ነበረኝ፤ አንዱ ሰማያዊ ቴትሮን ሲሆን እያጠብኩ በእርጥቡ እለብሰው ነበር። በመስቀለኛው መንገድ ላይ፣ ከቀበሌው ጣሪያ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ጠዋት ጠዋት ማርሽ ይለቀቃል። ከፊት ለፊቱ ያለው ሻይ ቤት ደግሞ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ የፍቅር ዘፈን ያሰማል። ሁለቱ ተደባልቀው ሲመጡ፣ ወታደር እየዘመተ ስለ ፍቅረኛው ዓይን የሚያለቅስ ይመስል ነበር። ቦምቦሊኖ በአሥር ሳንቲም ይሸጣል፤ ወረቀቱ ላይ ዘይቱ እስኪታይ ድረስ ትኩስ ነው። ወንዶቹ እግሩ የሰፋ ቦላሌ ሱሪ ይለብሳሉ፤ ሥልጣን ያላቸው ደግሞ ካኪ። ዛሬ በዚያ መስቀለኛ መንገድ ባጃጆች ተኮልኩለዋል፤ ሻይ ቤቱ የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ያንን ማርሽ ግን እስከ አሁን ቃል በቃል እችለዋለሁ። ለምን እንደምችለው መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ቀበሌው የሕፃናት ማቆያ ሲከፍት በጊዜያዊነት ተቀጠርኩ። ቤቱ ቀድሞ የቤተ ክርስቲያን ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኗ ስትዘጋ ቀበሌው ወሰደው። ዋናዋ አስተማሪ እትዬ ወርቅነሽ ይባላሉ፤ የዳምቦያ ሰው ናቸው፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ወፍራም። ባለቤታቸው በዚያችው በተዘጋችው ቤተ ክርስቲያን ወንጌላዊ ስለነበሩ፣ ቀበሌው እትዬን ከጅምሩ በጎሪጥ ነበር የሚያያቸው። ነገር ግን ከምባትኛም፣ ሀዲይኛም፣ አማርኛም አቀላጥፎ የሚናገርና ስልሳ ሕፃን ያለ አለንጋ የሚያስቀምጥ ሌላ ሰው አልተገኘም። እኔ ስም እጠራለሁ፣ መዝገቡን እገለብጣለሁ፣ አፍንጫ እጠርጋለሁ። እሳቸው ያስተምራሉ።

በኅዳር ወር ከመድረኩ በስተኋላ ያለውን ጓዳ ስናጸዳ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን አገኘን። የቤተ ክርስቲያኗ ሚስዮናውያን ፈረንጆች ሲወጡ ጥለውት የሄዱት ነው። ውስጡ አሥራ አንድ መጻሕፍት፤ ጠንካራ ሽፋን፣ ሙሉ ገጽ ሥዕል። እንዲህ ያለ ቀይ በዚያ ዘመን ሆሳዕና ውስጥ አልነበረም፤ ከባንዲራና ከመፈክር ቀይ በስተቀር። የፈረስ ጋሪ፣ ጫካ፣ ጀልባ የምትቀዝፍ አሮጊት፣ ፋኖስ ያንጠለጠለ ቀበሮ፣ ዘውድ የደፋ እያለቀሰ የሚሄድ ሰው። ጽሑፉ እንግሊዝኛ አይደለም፤ በፊደሎቹ አናት ላይ ነጠብጣብ ነገር ያለበት ሌላ የፈረንጅ ቋንቋ ነው። እኔ በእንግሊዝኛዬ እኮራ ስለነበር አንድም ቃል አለማወቄ አናደደኝ። «ማን ያነብልናል?» አልኩ። እትዬ ወርቅነሽ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ «ማን አንብቡ አለን?» አሉ።

አሠራራቸው እንዲህ ነበር። ረፋድ ላይ ሕፃናቱ እጃቸውን ይታጠቡና መዳፋቸውን ያሳያሉ። ያላጠበ አይቀርብም። ከዚያ እትዬ ወርቅነሽ መጽሐፉን ደረታቸው ላይ አስደግፈው አንድ ገጽ ብቻ ይገልጣሉ፤ ይገልጡና ዝም ይላሉ። እንዲህ በሉ፣ ይህ ምንድን ነው፣ የሚባል ነገር የለም። ዝምታው እኔን ያስጨንቀኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ቀኑን ሙሉ ሊቆሙ የሚችሉ ይመስላሉ። በመጨረሻ አንዱ ሕፃን ይናገራል። መጀመሪያ የተናገረው ልጅ የዚያ ቀን ተረት ባለቤት ነው፤ እሱ ያለው ይጸናል፤ ሌላው ይቀጥልበታል፣ እትዬ ደግሞ እየሰፉ ያያይዙታል፣ በሀዲይኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሱታል። ሕፃናቱ ብዙዎቹ አማርኛ የሰሙት እኛ ጋ ሲመጡ ነው። በሁለት ወር ውስጥ በአማርኛ ሲጣሉ፣ ሲዋሹ፣ ሲቀልዱ ሰማኋቸው። መምህራችን በዚህ ዓመት በሦስት ምዕራፍ ያስተማሩንን ነገር እትዬ ወርቅነሽ ያለ አንድ ምዕራፍ ያደርጉት ነበር።

አንድ ቀን ያንን ዘውድ ደፍቶ የሚያለቅሰውን ሰው ገለጡ። አስቴር የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ነበረችን፤ ትንሽ፣ ነገረኛ፣ የጫማ ጥገና የሚሠራ ሰው ልጅ። «በጉ ጠፍቶበት ነው» አለች። «ታዲያ ይሄ ራሱ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አለ ሌላው። «ቆብ ነው። በርዶታል። በጉን ሲፈልግ አደረ እኮ!» በቃ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በየመጽሐፉ ዘውድ የደፋ ሁሉ የበረደው ሰው ሆነ። ቤተ መንግሥቱ ባለ ብዙ ፎቅ የእህል ጎተራ፣ የንጉሡ ልጅ ደግሞ ከሺንሺቾ የመጣች ሙሽራ። አንድም ንጉሥ በዚያ ክፍል ገብቶ አያውቅም።

ጓድ ደምሴ የቀበሌው ሊቀ መንበር ነበር። በካኪው ደረት ኪስ ሁለት እስክሪብቶ ይሰካል፤ ሲጽፍ ግን አይቼው አላውቅም። በጥር መጨረሻ ጠራኝና «ጓድ ታደለች፣ ጽሕፈትሽ ጥሩ ነው አሉኝ» አለኝ። ደስ አለኝ። «በማቆያው ያሉትን የፈረንጅ መጻሕፍት ይዘት በዝርዝር ጻፊልኝ። በየገጹ ያለውን ብቻ፣ ሳትጨምሪ፣ ሳትቀንሺ። ቋሚ ቅጥሩንም እናያለን።» ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ለእትዬ ወርቅነሽም አልነገርኩም፤ ሠርቼ ስጨርስ ላስደንቃቸው ነበር የፈለግኩት፤ እውነቴን ነው። ሁለት ቀን ሕፃናቱ ሲሄዱ ተቀምጬ ጻፍኩ። ወረቀቱን በማስመሪያ አሰመርኩ። መጽሐፍ አንድ፣ ገጽ አራት፦ ንጉሥ ዙፋን ላይ ተቀምጦ። ገጽ ሰባት፦ ንጉሥ ዘውድ እንደደፋ ያለቅሳል። ገጽ ዘጠኝ፦ የንጉሥ ልጅ፣ አገልጋዮች፣ ሠረገላ። አልዋሸሁም። አንድም ነገር አልጨመርኩም። ሕፃናቱ ምን እንደሚሉ፣ እትዬ ምን እንደሚያወሩ፣ ያ ሰውዬ በግ ፈላጊ መሆኑን አልጻፍኩም፤ እሱ ገጹ ላይ የለማ! በጥንቃቄ፣ በታዛዥነት፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ ከእውነቱ ግማሹን ቆርጬ ሰጠሁት።

ስብሰባው በየካቲት ነበር፣ በቀበሌው አዳራሽ፣ ወላጆች በሙሉ ባሉበት። ጓድ ደምሴ ወረቀቴን ዘርግቶ «ጓድ ወርቅነሽ» አለ፣ «በዚህ ዝርዝር መሠረት በአሥራ አንድ መጻሕፍት ውስጥ ዘጠኝ ንጉሥ አለ። ዘውዱን አውርደን ስንት ዓመታችን? የሠርቶ አደሩን ልጅ ምን እያስተማርሽ ነው?»

እትዬ ወርቅነሽ ተነሡ። «ንጉሥ አላስተማርኩም።»

«ተጽፏል እኮ! ገጽ ሰባት፣ ንጉሥ ከነዘውዱ።»

«ሕፃናቱን ጠይቋቸው። ገጽ ሰባት ላይ ያለው በጉ የጠፋበት ሰውዬ ነው። ቆብ የደፋው ስለበረደው ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ጓድ ደምሴም ሳቀ፤ ሳቁ ጋብ እንዲልለት እጁን አነሣ። «የወርቅ ቆብ ደፍቶ በግ የሚፈልግ ገበሬ በየትኛው ማኅበር ነው ያለው? አድራሻውን ስጪንና እኛም እንመዝገብበት!» አሁን አዳራሹ ተንጫጫ። ልጆቻቸው በዚያ ተረት አፍ የፈቱላቸው እናቶች ሳቁ፤ የአስቴር አባት ሳቀ። ሁሉንም አየኋቸው። በፍርሃት ነው የሳቁት ትሉኝ ይሆናል፤ አውቃለሁ፤ ግን ጥርሳቸውን አልረሳሁትም።

«ጽሑፉን ላየው እችላለሁ?» አሉ እትዬ ወርቅነሽ። ሰጣቸው። ረጅም ጊዜ ያዙት። የእኔን ጽሑፍ በየጠዋቱ በስም መጥሪያው መዝገብ ላይ ሲያዩት ነው የኖሩት። ከዚያ አጥፈው መለሱለት። «ጽሕፈቱ ያምራል» አሉና ተቀመጡ። ወደ እኔ አልዞሩም። በሳምንቱ መጻሕፍቱ በጆንያ ተጭነው ሄዱ፤ እትዬ ወርቅነሽም ወደ ቦኖሻ ተዛወሩ፣ በአንድ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ አመላላሽ ሆነው። ሕፃን ካለበት እንዳይደርሱ ተባለ። እኔ ዋና አስተማሪ ሆንኩ። ቋሚ ቅጥሩ አልመጣም።

መጻሕፍቱ የተቃጠሉ መስሎኝ ነበር። ቢያቃጥሏቸው ይሻል ነበር፤ የሚቃጠል ነገር ቢያንስ ተፈርቷል። ከአሥር ቀን በኋላ አስቴር እየሮጠች መጣች። «እትዬ ታደለች! በግ የጠፋበት ሰውዬ ሱቅ ውስጥ አለ!» በእጇ የያዘችው ገጽ ሰባት ነበር፤ እንደ ጥሩንባ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ላይ የስኳር ፍርፋሪ ተጣብቆበት። የቀበሌው የኅብረት ሱቅ ሻጭ አቶ ከድር ነበሩ፤ ጨዋ ሰው፣ ሚዛናቸው የማይታማ። እየሮጥኩ ሄጄ «አቶ ከድር፣ ይሄን ከየት አመጡት?» አልኳቸው።

«ቀበሌው ነው የላከልኝ። መጠቅለያ አለቀብኝ ብዬ ነበር።»

«መጽሐፍ እኮ ነው!»

«ለእኔ የደረሰኝ ተገንጥሎ ነው፣ ልጄ።» ዝቅ ብለው ከባንኮኒው ሥር አዩ። «ጥቂት ቀርቷል። ውሰጂው። ማንም አይጠይቀኝም።»

ከባንኮኒው ሥር የቀበሮው ፋኖስ ይታየኛል። እጄን ብዘረጋ ይደርስበታል። «አይ» አልኩ፣ «የመንግሥት ንብረት ነው።» አቶ ከድር ለአፍታ አዩኝ። «እሱስ ነው» አሉ፤ ቀጥሎ ለተሰለፈችው ሴት ስኳር መስፈር ጀመሩ።

ጓድ ደምሴ አሁንም እዚህ ከተማ አለ። በየሠርጉ ድንኳን ፊት ወንበር ይሰጠዋል፣ ሽማግሌ ተብሎ ይመርቃል። ባለፈው ወር አግኝቶኝ «ታደለች፣ ያቺ ጥሩ ጽሕፈትሽ እንዴት ናት?» አለኝ፣ ወዳጅነት መስሎት። ያንን ሁሉ ዓመት አልፎ የሚያስታውሰው ጽሕፈቴን ብቻ ነው። እትዬ ወርቅነሽን ጠቀስኩለት። «ማናት?» አለ። የዋሸኝ እንዳይመስላችሁ። ረስቷል። ከዚያ ደግሞ እኚያ ወጣት መምህራችን፣ ምንም በደል የሌለባቸው ሰው፣ ተነሥተው «ከዚህ በፊት አልነበረም» ይሉኛል። አልነበረም የሚያሰኝ ነገር እንዲሁ አይመጣም። ጥርግ አድርገው አጥፍተውት ነው፤ ከአጥፊዎቹም አንዷ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ማስታወሻ ትጽፋለች።

በመጋቢት መጀመሪያ፣ እሑድ ቀን፣ ጭነት በያዘ ኤንትሬ መኪና ላይ ተሳፍሬ ቦኖሻ ወረድኩ። ሜዳና ሙቀት ነው። እትዬ ወርቅነሽን የተከራዩአት ቤት በር ላይ፣ በዝቅተኛ በርጩማ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከስተዋል።

«ማን ልኮሽ ነው?»

«ማንም። ራሴ ነኝ።»

«እንግዲያውስ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። «እትዬ፣ ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ማወቄን ነገርኩሽ እኮ አዳራሹ ውስጥ።»

«ሳትጨምሪ ጻፊ አለኝ። ምን እንዳሰበ አላወቅኩም።»

«እና ዘጠኝ ንጉሥ አየሽ።» ድምፃቸው ከፍ አለ፤ ጎረቤት ዞር ብሎ ተመለከተን። «ስልሳ ሕፃን አንድም አላየ። አንቺ ሦስት ወር አብረሽን ተቀምጠሽ ዘጠኝ አየሽ!»

አለቀስኩ። «አታልቅሺብኝ» አሉ። «ደብዳቤ ይዤ በፀሐይ የምዞረው እኔ ነኝ።» ከዚያ «የተረቱስ ሰዓት?» አሉኝ።

«መጻሕፍቱ ተወሰዱ እኮ፣ እትዬ።»

«እኔ መቼ አነበብኳቸው?» ሁለት መዳፋቸውን አጋጥመው ፊቴ ላይ ዘረጉት። «ነገ ሂጂና እንዲህ አድርገሽ ቁሚ። ዝም በይ። እነሱ ይጀምሩልሻል። ሕፃናቱን ብቻ ተረቱን አታስጥዪብኝ።»

«እሺ፣ እትዬ።»

«እሺ ማለቱንስ ታውቂበታለሽ» አሉ። ይህ ከእሳቸው የሰማሁት የመጨረሻ ቃል ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ታመው ዳምቦያ ገቡ፣ ከዚያ አልተመለሱም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሕፃናቱን እጃቸውን አስታጠብኩ። ለምን እንደሆነ ገባቸው መሰለኝ፣ ሳይጋፉ ተቀመጡ። ፊታቸው ቆሜ መዳፌን ዘረጋሁ፤ ዝምም አልኩ። ዝምታው እንደ ድሮው አስጨነቀኝ፣ ግን ቻልኩት። ስልሳ ሕፃን ባዶ መዳፌን አፍጥጦ ያያል። አንዱ ኡሁ ኡሁ ብሎ ሳለ። ከዚያ አስቴር ተነሣች።

«ፈረስ አየሁ» አለች። «ነጭ ነው።»

ሕፃናቱ ወደ ፊት ተሳቡ። «የታለ?» «ይኸው፣ አውራ ጣቷ ጋ!» «አዎ፣ አየሁት!» «በላዩ የተቀመጠው ማን ነው?» አለ ከኋላ አንድ ልጅ። ሁሉም ወደ አስቴር ዞረ። አስቴር ዓይኗን ጨፈን አድርጋ አሰበች፤ ልትናገር አፏን ከፈተች።

በሩ ተዘግቷል። ግቢው ውስጥ ሰው የለም። ጓድ ደምሴ በዚያ ቀን ለስብሰባ ዱራሜ ሄዶ ነበር፤ መሄዱንም አውቅ ነበር። የሚሰማን አንድም ሰው አልነበረም።

«ዝም በይ፣ አስቴር» አልኩ። «ፈረስ የለም። ቁጭ በይ።»

መዳፌን አየች፤ ከዚያ ፊቴን አየች፤ ከዚያ ተቀመጠች። ሁሉንም አስነሥቼ ያንን የጠዋት ማርሽ አስዘመርኳቸው፤ ከእነሱ ይልቅ እኔ እየጮኽኩ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ በኋላ ማንም ሕፃን ተረት ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም በሰኔ ሥራውን ለቅቄ መዝገብ ቤት ገባሁ። መጻሕፍቱን የወሰዱበትን ቀን ሌላ ሰው ሊያስታውስ ይችላል፤ የተረቱ ሰዓት ያበቃበትን ቀን የማውቀው ግን እኔ ብቻ ነኝ። ሰኞ ነበር፣ መጋቢት አምስት ቀን።